ከፌስታሉ የወጣው ስም

እሑድ ከሰዓት በኋላ ነው። ጡረታ የወጡት የኬሚስትሪ መምህር የሕክምና ወረቀታቸውን የሚያኖሩበትን ጥቁር ፌስታል ሶፋው ላይ ዘርግፈውታል። የአልትራሳውንድ ወረቀት፣ የደም ምርመራ ውጤት፣ በቡናማ ፖስታ የተቀመጠ ፊልም፣ የግፊት መድኃኒት ማዘዣ፣ የፋርማሲ ደረሰኝ። አጠገባቸው የተቀመጠችው ልጃቸው በአንድ ሆስፒታል የሲቲ ስካን ክፍል የምትሠራ የራዲዮሎጂ ቴክኖሎጂስት ናት። አባትየው ማክሰኞ ጠዋት በ3 ሰዓት የሆድ ሲቲ ስካን ቀጠሮ አላቸው። ጉበታቸው ላይ በአልትራሳውንድ አንዲት ነገር ታይታለች፤ ምንነቷ መለየት አለበት። እሳቸውን ያስጨነቃቸው ግን ጉበታቸው አይደለም፤ ለምርመራው በደም ሥር የሚሰጠው አዮዲን ያለበት መድኃኒት ነው።

«ያንን መድኃኒት ሁለተኛ አልወጋም» አሉ። «ቁርጡን ነው የምነግርሽ።»

ካርዳቸው ላይ በቀይ እስክሪብቶ፣ በትልልቁ፣ «አዮዲን አለርጂ» ተብሎ ተጽፏል። ጽሑፉ አራት ዓመት ሆኖታል።

«እሺ አባባ። ግን መጀመሪያ የያኔውን ይንገሩኝ። ምንም ሳይቀር፣ ከመነሻው።»

አባት ነገሩን እንደ ቤተ ሙከራ ዘገባ በቅደም ተከተል አስቀመጡት። በሌላ ሆስፒታል ነበር። አልጋው ላይ ተኙ፤ ክንዳቸው ላይ ካኑላ ገባ። ማሽኑ መድኃኒቱን ሲገፋ ከጉሮሯቸው የተነሣ ሙቀት እስከ ብሽሽታቸው ወረደ። አፋቸው ብረት ብረት አለ፤ ሽንታቸውን የለቀቁ መሰላቸው።

«እስከዚህ ድረስ ያለው አለርጂ አይደለም» አለች ልጅ። «የመድኃኒቱ ጠባይ ነው። ብዙ ሰው ላይ ይመጣል፤ ብዙም ሳይቆይ ይጠፋል። ሽንቴ አመለጠኝ ብለው ተሳቀው የሚነሡ ሰዎች ሁልጊዜ ያጋጥሙኛል፤ አንሶላው ግን ደረቅ ነው። አስቀድሞ የነገራቸው ሰው ስለሌለ ነው የሚደነግጡት። በዚህች ሙቀት ብቻ አለርጂ አለብህ ተብሎ ካርዱ ላይ የተጻፈበትም አለ።»

«ቆይ፣ ገና አልጨረስኩም። አምስት ደቂቃ ያህል ቆይቶ መዳፌን ያሳክከኝ ጀመር። ከዚያ አንገቴና ደረቴ ላይ ቀይ እብጠት ወጣ፤ ከንፈሬ አበጠ፤ ጉሮሮዬን አንድ ነገር ያነቀኝ መሰለኝ። ሮጠው መጥተው ወጉኝ።»

«የት ላይ ወጉዎት?»

«ጭኔ ላይ።»

«አድሬናሊን ነው። ደግ አድርገዋል። ጉሮሮ ሲታነቅ፣ ትንፋሽ ሲያጥር ወይም ግፊት ሲወርድ ፈጥኖ መሰጠት ያለበት እሱ ነው። ለአዋቂ ከ0.3 እስከ 0.5 ሚሊ ግራም ጭን ጡንቻ ላይ ይወጋል። የማሳከክ መድኃኒትም ሆነ ሃይድሮኮርቲዞን የእሱን ቦታ አይተካም። እንግዲህ ይኼኛው እውነተኛው ነው፤ እኛ መካከለኛ ከምንለው ደረጃ የሚመደብ።»

«ይኸው! አዮዲን አይስማማኝም ማለት ነው።»

«አዮዲን አይደለም አባባ።»

ልጅ ተነሥታ ወደ ማድ ቤት ገባች። የጨው ፓኬት ይዛ ተመለሰችና ጭናቸው ላይ አስቀመጠችው። አባት መነጽራቸውን አድርገው ጽሑፉን አነበቡት፤ አዮዲን የተጨመረበት ጨው ነው።

«ዛሬ ምሳ የበሉት ሽሮ በዚህ ነው የተሠራው። ለእንቅርት መከላከያ ተብሎ ነው አዮዲን የሚጨመርበት። ታይሮይድ ዕጢ ያለ አዮዲን ሆርሞኑን መሥራት አይችልም። ሰውነት ራሱ የሚፈልገውን ንጥረ ነገር ነው እንግዲህ አለርጂ የተባሉት።»

አባት ፓኬቱን እያገላበጡ ዝም አሉ። «እግሬ የቆሰለ ጊዜም በአዮዲን ሲያጥቡት ምንም አልሆንኩ» አሉ ቆይተው።

«የቁስል አዮዲን ቆዳውን የሚያስቆጣው ሰው አለ። እሱም ቢሆን ከሲቲው መድኃኒት ጋር አይገናኝም።»

«ታዲያ ሜሪላንድ ያለችው አክስትሽ ሲቲ ልትነሣ ስትሄድ ሽሪምፕ ይስማማሻል ወይ ብለው የጠየቋት ለምንድን ነው?»

ይህ ጥያቄ በአሜሪካ ለረጅም ዘመን ከምርመራ ክፍል ቅጾች አልጠፋም። መነሻው ሸሃዲ የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1975 ያሳተመው ጥናት ነው። መድኃኒቱ ካስቸገራቸው ሰዎች መካከል ሽሪምፕና መሰሎቹ የማይስማሟቸው እንዳሉ ጥናቱ ዘግቦ ነበር። ወተትና እንቁላል የማይስማማቸውም በተቀራራቢ ቁጥር ተገኝተው ነበር፤ ሰው አእምሮ ውስጥ የቀረው ግን የባሕሩ ምግብ ብቻ ሆነ፤ አዮዲን አለበትና። ሽሪምፕ የማይስማማውን ሰው የሚያስቸግረው ትሮፖማዮሲን የተባለ የጡንቻ ፕሮቲን ነው እንጂ አዮዲኑ አይደለም። ማንኛውም አለርጂ ያለበት ሰው ለሲቲው መድኃኒት ያለው ተጋላጭነት ከሌላው ሰው ከ2 እስከ 3 ጊዜ ከፍ ይላል፤ ሽሪምፕ ከኦቾሎኒ ወይም ከፔኒሲሊን የተለየ ቦታ የለውም። ከሁሉም የሚበልጠው ምልክት ከዚህ በፊት ራሱ መድኃኒቱ አስቸግሮት ማወቁ ነው፤ ያ ተጋላጭነቱን 5 ጊዜ ያህል ያሳድገዋል።

«ታዲያ ጥፋተኛው ማን ነው?» አሉ መምህሩ።

«ሞለኪዩሉ። ይህንን እርስዎ ይሻሉኛል። የቤንዚን ቀለበት አለ፤ ቀለበቱ ላይ ሦስት የአዮዲን አተሞች ታስረዋል፤ በቀሩት ማዕዘኖች ደግሞ ክንዶች ተቀጥለዋል። አዮዲኑ ከባድ አተም ስለሆነ ራጁን ያግዳል፤ ደም ሥሩ ነጥቶ የሚታየን በእሱ ነው። ሰውነትን የሚያስቆጣው ግን የሞለኪዩሉ አጠቃላይ ቅርጽና ክንዶቹ ናቸው። መድኃኒቱ ማስት የሚባሉትን ሴሎች ሲነካቸው ሂስታሚን ይለቃሉ፤ እብጠቱና ማሳከኩ ከዚያ ይመጣል። አብዛኛውን ጊዜ እንደ ሌላው አለርጂ ሰውነት ቀድሞ መድኃኒቱን ማወቅና ፀረ እንግዳ አካል ማዘጋጀት አያስፈልገውም። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የተወጋ ሰው ላይም የሚነሣው ለዚህ ነው።»

ራጅ አጥንትን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል፤ ደም ሥርና ኩላሊት ግን በዙሪያቸው ካለው ሥጋ ጋር ተመሳስለው ይጠፋሉ። መላው በአጋጣሚ ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ1923 በአሜሪካው ማዮ ክሊኒክ የነበሩ ሐኪሞች ለቂጥኝ ሕክምና ሶዲየም አዮዳይድ የሚወስዱ ሰዎችን ራጅ ሲያነሡ ሽንት ፊኛቸው በፊልሙ ላይ ጎልቶ መታየቱን ጻፉ። በ1929 በርሊን ውስጥ ይሠራ የነበረው አሜሪካዊ ሐኪም ሞሰስ ስዊክ ዩሮሴሌክታን የተባለውን የአዮዲን ውህድ በደም ሥር ሰጥቶ ኩላሊትን በራጅ አሳየ። ከዚያ ወዲህ የመጡት መድኃኒቶች ጥሩ ሥዕል ሰጡ፤ ሕመማቸው ግን ከባድ ነበር።

«ሕመሙ ከምን መጣ?» ጠየቁ አባት።

«ሽንብራ ስንዘፈዝፍ ውኃው ወደ ሽንብራው ይገባል አይደል? የተከተፈ ቲማቲም ላይ ጨው ሲነሰነስ ደግሞ ውኃው ከቲማቲሙ ይወጣል። የድሮዎቹ መድኃኒቶች ደም ውስጥ ሲገቡ እንደ ጨው ነበሩ። ሲሟሙ ለሁለት ስለሚከፈሉ ቅንጣታቸው በዛ፤ ክምችታቸው ከደም ከ5 እስከ 8 ጊዜ ይበልጣል። ውኃውን ከቀይ የደም ሴሉም ከደም ሥሩ ግድግዳም ይስቡታል።»

«ኦስሞሲስ!» አሉ መምህሩ፤ ከሶፋው ቀና ብለው። «ታዲያ ለሁለት የማይከፈል ሞለኪዩል መሥራት ነዋ!»

አንድ ሰው ይህን እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አስቦት ነበር። ስዊድናዊው ራዲዮሎጂስት ቶርስተን አልሜን የእግር ደም ሥራቸው በራጅ የሚታይላቸው ሕመምተኞች መድኃኒቱ ሲገባ የሚሰማቸውን ሥቃይ አይቶ አላስቻለውም። ሐሳቡን ይዞ ቢዞርም የተቀበለው የኦስሎው ኒጎርድ ኩባንያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 ንድፈ ሐሳቡን አሳተመ፤ ሜትሪዛማይድ የተባለው መድኃኒት ተወለደ። ከእሱ በኋላ፣ በ1980ዎቹ መጀመሪያ፣ ዛሬ በዓለም ዙሪያ ኦምኒፓክ በሚል የንግድ ስም የሚታወቀው አዮሄክሶል መጣ። የክምችቱ ልክ ከደም በ2 ወይም በ3 ጊዜ ብቻ የሚበልጥ ነው።

ለውጡ በሕመም ብቻ አልቆመም። በጃፓን ካታያማና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1990 ያሳተሙት ጥናት ከ337,000 በላይ ምርመራዎችን መረመረ። በድሮዎቹ መድኃኒቶች ከመቶ ሰው 12 ወይም 13ቱ ላይ አንድ ዓይነት ችግር ታየ፤ በአዲሶቹ ቁጥሩ ወደ 3 ወረደ። ከባዱ ችግር ደግሞ ከ10,000 ሰው ከ22 ወደ 4 ቀነሰ። ከዚህ በፊትም ሆነ ከዚህ በኋላ የዚህን መድኃኒት አለርጂ ለመከላከል ከተደረገው ሁሉ ትልቁ እርምጃ ይህ የመድኃኒት ለውጥ ሳይሆን አይቀርም።

«ከ10,000 አራት» አሉ አባት። «ከአራቱ አንዱ የሆነ ሰው ግን ቁጥሩ አያጽናናውም።»

«ልክ ነዎት። እርስዎ አንድ ጊዜ ስለደረሰብዎት የእርስዎ ስሌት ሌላ ነው። ስለዚህ አስቀድመን እንሠራለን።»

«ክኒን አለ ሲሉ ሰምቻለሁ።»

«አለ። ፕሬድኒሶን የተባለ ስቴሮይድ ነው፤ ከማሳከክ መድኃኒት ጋር። ጉዳዩ ሰዓቱ ላይ ነው። ላሰርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1987 ባሳተሙት ጥናት ስቴሮይዱን ከ12 ሰዓትና ከ2 ሰዓት በፊት ሁለት ጊዜ የወሰዱት ተጠቀሙ፤ ከ2 ሰዓት በፊት አንድ ጊዜ ብቻ የወሰዱት ግን ምንም ካልወሰዱት አልተሻሉም። ዛሬ የተለመደው ለምርመራው 13 ሰዓት፣ 7 ሰዓትና 1 ሰዓት ሲቀረው 50 50 ሚሊ ግራም መውሰድ ነው። የእርስዎ ቀጠሮ ጠዋት 3 ሰዓት ነው። ቢታዘዝልዎት የመጀመሪያው ሰኞ ማታ በ2 ሰዓት ነው። ሁለተኛው ሌሊት በ8 ሰዓት፤ ደውል ሞልተው ይነሣሉ። ሦስተኛው ማክሰኞ ጠዋት በ2 ሰዓት።»

«ሌሊቱን ትቼ የጠዋቱን ብቻ ብውጠውስ?»

«የዋጡት ለስሙ ይሆናል። ስቴሮይድ ሥራውን ለመጀመር ሰዓታት ይፈልጋል። ድንገተኛ ሕመምተኛ በደም ሥር ሲሰጠው እንኳ ቢያንስ 4 ወይም 5 ሰዓት ይጠበቃል። በሩ ላይ ቆመው በሚሰጡት መርፌ ተከላክለናል የሚሉ ሰዎች ራሳቸውንም ሕመምተኛውንም ያታልላሉ። ደግሞም ክኒኑ ያለ ዋጋ አይደለም፤ ስኳር ያለበት ሰው ስኳሩ ይወጣበታል። በትክክል የወሰዱትም ላይ አለርጂው የሚነሣበት ጊዜ አለ።»

«እንዲህ ከሆነማ ምን ተረፈኝ?»

«ከክኒኑ የሚሻል አንድ ነገር አለ። ያኔ የተወጉት የትኛው እንደነበር ካወቅን መድኃኒቱን መቀየር። ሁሉም አዮዲን አለባቸው፤ ክንዶቻቸው ግን ይለያያሉ። አዮሄክሶል ያስቆጣው ሰውነት ሌላውን በሰላም ሊያሳልፈው ይችላል።»

ይህ የልጅቱ የግል አስተያየት አይደለም። የአሜሪካ የራዲዮሎጂ ኮሌጅና የአሜሪካ የአለርጂ፣ አስምና ኢሚኖሎጂ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2025 በጋራ ባወጡት መግለጫ ያስቸገረው መድኃኒት ሲታወቅ ወደ ሌላ መቀየርን አስቀድመዋል። ቀላል ምልክት ብቻ ታይቶበት ለነበረ ሰው ስቴሮይድን እንደ ልማድ መስጠቱን አልደገፉትም። ከባድ ደርሶበት ለነበረ ሰው ደግሞ መጀመሪያ ሌላ ዓይነት ምርመራ ይፈለግ፤ ከጠፋ መድኃኒቱ ተቀይሮ፣ ስቴሮይዱም ተሰጥቶ፣ የድንገተኛ ርዳታ ባለበት ሆስፒታል ይሁን ይላሉ።

ነገር ግን ስሙ ካልታወቀ ምን ይቀየራል? «አዮዲን አለርጂ» የሚለው ጽሑፍ ለሐኪሙ አንዳችም ነገር አይነግረውም። የሚነግረው ሁሉም ክልክል ነው የሚል ስሕተት ነው።

«አባባ፣ የያኔው የሲቲ ውጤት አለ?»

ሁለቱም ወረቀቱ ላይ አጎነበሱ። ደረሰኙ ወደ አንድ ወገን፣ ማዘዣው ወደ ሌላ ወገን ተለየ። ቡናማው ፖስታ ውስጥ፣ ከፊልሙ ጀርባ፣ አራት ታጥፋ ጠርዟ የነተበች አንዲት ወረቀት ወጣች። ልጅ ድምዳሜውን አለፈችና ከላይ ወዳለችው፣ ሕመምተኛ ወደማያነባት መስመር ጣቷን ሰደደች። ምርመራው እንዴት እንደተሠራ የምትገልጸው መስመር ናት።

«80 ሚሊ ሊትር ኦምኒፓክ 350» ብላ አነበበች።

አራት ዓመት ሙሉ ስሙ እዚሁ ቤት ነበር።

«350ው ምንድን ነው?» አሉ መምህሩ።

«በአንድ ሚሊ ሊትር ውስጥ ያለው የአዮዲን መጠን፤ በሚሊ ግራም።»

አባት እስክሪብቶ አነሡ። «80 ሲባዛ በ350፣ 28,000 ሚሊ ግራም። 28 ግራም! ሰው በቀን የሚያስፈልገው ስንት ነው?»

«አዋቂ ሰው 150 ማይክሮ ግራም።»

የፋርማሲው ደረሰኝ ጀርባ ላይ አካፈሉት። «ከ500 ዓመት በላይ የሚበቃ አዮዲን በአንድ መርፌ ገብቶብኝ ነበር ማለት ነው» አሉ ተደንቀው።

«ገብቶ ወጣ። ከቀለበቱ ጋር ታስሮ ስለሚገባ ሰውነት አይጠቀምበትም፤ ኩላሊት እንዳለ በሽንት ያስወጣዋል። ነጻ የሆነችው ጥቂት ናት። ታይሮይዱ ከልክ በላይ የሚሠራበት ሰው ግን ለእሷም ቢሆን አስቀድሞ መናገር አለበት፤ ያ ከአለርጂ የተለየ ጉዳይ ነው።»

«ስለዚህ ኦምኒፓክ አትስጡኝ ልበል?»

«አዮሄክሶል ይበሉ፤ የንግድ ስሙ ሊለያይ ይችላል። ቪዚፓክ የሚባለው አዮዲክሳኖልም የእሱ የቅርብ ዘመድ ነው፤ ሁለት ቀለበት የተጣመረበት ነው። ምትክ የሚሆነውን ራዲዮሎጂስቱ ይመርጣል፤ የአለርጂ ሐኪም ሲገኝ ደግሞ በቆዳ ምርመራ ይረዳል። መደርደሪያው ላይ ዛሬ የትኛው እንዳለም መጠየቅ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2022 ሻንጋይ በኮቪድ ምክንያት ስትዘጋ እዚያ ያለው የአዮሄክሶል ፋብሪካ ሥራው ተስተጓጉሎ በብዙ አገር እጥረት ሆነ፤ ሆስፒታሎች ያገኙትን ተጠቀሙ። ያለፈው ዓመት መድኃኒትና የዘንድሮው አንድ ናቸው ብሎ መገመት አይቻልም።»

ከዚህ ሁሉ በፊት የሚቀድም ጥያቄ አለ፤ መድኃኒቱ ከነጭራሹ ያስፈልጋል ወይ? የኩላሊት ጠጠርን ለመፈለግ አያስፈልግም። ጭንቅላት ውስጥ ደም መፍሰሱን ለማየትም መጀመሪያ የሚነሣው ሲቲ ያለ መድኃኒት ነው። የጉበትን እብጠት ምንነት ለመለየት ግን ብዙ ጊዜ ያስፈልጋል። ኤምአርአይ ሌላ መንገድ ነው። እዚያ የሚሰጠው ጋዶሊኒየም ያለበት መድኃኒት ከሌላ ወገን ስለሆነ የሲቲው መድኃኒት ያስቸገረው ሰው በዚያ ምክንያት ብቻ አይከለከልም።

ልጅ የግፊቱን ማዘዣ አነሣች። «አቴኖሎል እየወሰዱ ነው? ይህንንም ይንገሯቸው። አለርጂው ቢነሣ አድሬናሊኑ እንደሚፈለገው ላይሠራ ይችላል፤ ቀድመው ቢያውቁት ይዘጋጁበታል። በራስዎ ግን እንዳያቋርጡት።»

«ከተነሣሁ በኋላስ?»

«ካኑላውን አያስወጡት። ከባዱ አለርጂ አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ 20 ደቂቃዎች ውስጥ ነው የሚመጣው፤ ግማሽ ሰዓት እዚያው ይቀመጡ። ታክሲ ውስጥ ከሚያንቅዎት እኛ ፊት ቢያንቅዎት ይሻላል። ከሰዓታት ወይም ከቀናት በኋላ ሽፍታ ብቻ ከወጣም ይመለሱና ያስመዝግቡ።»

አባት ንጹሕ ወረቀት ቀደዱ። በዚያ ለሠላሳ ዓመት ሰሌዳ ላይ በጻፉበት ቀጥ ያለ የእጅ ጽሑፍ አምስት መስመር አሰፈሩ። የመድኃኒቱ ስም፣ አዮሄክሶል፣ 80 ሚሊ ሊትር። የተሰጠበት ቀን። የታየው ምልክት፣ እብጠት፣ የከንፈር ማበጥ፣ የጉሮሮ መታነቅ። የጀመረበት ጊዜ፣ ከ5 ደቂቃ በኋላ። የዳነበት፣ ጭን ላይ የተወጋ መርፌ። ወረቀቷን አጥፈው ከመታወቂያቸው ጀርባ አስገቧት።

ሰኞ ጠዋት ሐኪማቸው ወረቀቷን ሁለት ጊዜ አነበባት። ከራዲዮሎጂስቱ ጋር በስልክ ተነጋግሮ ምርመራው በሌላ መድኃኒት፣ ከስቴሮይድ ጋር፣ በዚያው ሰዓት እንዲሆን አዘዘ። ካርዱ ላይ ያለውን ቀይ ጽሑፍ ሰርዞ ከሥሩ «አዮሄክሶል» ብሎ ጻፈ።

ሲቲ ስካን የተነሣ ሁሉ፣ በተለይ ያሳከከው ወይም ያበጠ፣ ከክፍሉ ከመውጣቱ በፊት «የወጋችሁኝ መድኃኒት ስሙ ማን ነው?» ብሎ ይጠይቅ፤ ያጽፍም። መድኃኒቱን የሚሰጡትም ባለሙያዎች በ«አዮዲን አለርጂ» ፋንታ ስሙን፣ ቀኑንና የታየውን ምልክት ካርዱ ላይ ያስፍሩ። ሥራው አንድ ደቂቃ አይፈጅም።